ጥቁሩ ቦርድ ይከብዳል

የምሠራው እንግሊዝ አገር፣ ሃክኒ በሚባል ሰፈር፣ የባቡር ሐዲድ ከተሸከመ የጡብ ቅስት ሥር ባለች የሥዕልና የፎቶ ፍሬም መሥሪያ ውስጥ ነው። ከፊት ለፊት ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር አላት፤ ከእሱ ሌላ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ የላትም። ባቡር በላያችን ሲያልፍ ምስማር ላይ የተንጠለጠሉት ማስመሪያዎች እርስ በርስ ይንኳኳሉ። ያኔ ቢላዬን ከካርቶኑ ላይ አንስቼ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።

ዋናው ሥራዬ ቦርድ መቁረጥ ነው። ቦርድ የምንለው በሥዕሉና በመስታወቱ መካከል የሚገባውን ወፍራም ካርቶን ነው። መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን ክፍተት ይወጣለታል፤ ሥዕሉ በዚያ በኩል ይታያል። ክፍተቱን መስኮት እንለዋለን። እንግዲህ እኔ በየቀኑ መስኮት እቆርጣለሁ፤ የምቆርጥበት ቤት ግን መስኮት የለውም። ቀኑ ረጅም በሆነበት ወራት ይህ ነገር ትዝም አይለኝ።

ነጭ ቦርድ ይቅር ባይ ነው። ትንሽ ብትሳሳት ማንም አያይብህም። ጥቁሩ ግን ውስጡ ነጭ ስለሆነ፣ ስትቆርጠው በመስኮቱ ዙሪያ ቀጭን ነጭ መስመር ይወጣል። ቢላዋው በፀጉር ስፋት ከሳተ ያ መስመር ይመሰክርብሃል።

ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ቪዲዮ እያየሁ፣ ሱቆች በር ላይ የተጣለ ካርቶን እየለቀምኩ፣ ክፍሌ ወለል ላይ ተንበርክኬ ነው የተማርኩት። አሠሪዬ ስልሳውን ያለፈ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን አንድ ጥቁር ቦርድ ሰጥቶ አስቆረጠኝና ማዕዘኖቹን በማጉያ መነጽር አያቸው።

"ማን አስተማረህ?" አለኝ።

"ማንም።"

"ጥሩ። መጥፎ ልማድ ያወረሰህ የለም ማለት ነው።"

እንግሊዝኛዬንም የተማርኩት በዚያው መንገድ ነው፤ ከማሸጊያ ላይ ጽሑፍ፣ ከመሣሪያ መመሪያ፣ ከቪዲዮ። ስለዚህ የሙጫ ዓይነት፣ የቢላዋ ስለት፣ የእንጨት ስም ብትጠይቁኝ አላፍርም። ስሜቴን ግን በየትኛውም ማሸጊያ ላይ ተጽፎ አላገኘሁትም። በስልክ ደግሞ፣ የሰው ፊት ካላየሁ፣ የማውቀውም ይጠፋኛል።

ይህ የምነግራችሁ በሦስተኛው ብርድ የሆነ ነው። ክረምት አልለውም፤ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ ነው። ይህ በአእምሮዬ አልገለበጥ ብሎኝ ቀርቷል። በእኛ አቆጣጠር ፀሐይ የምትወጣው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ የምትጠልቀው አስር ሰዓት ሳይሞላ። ከቤት ስወጣ ጨለማ ነው፣ ስመለስም ጨለማ ነው። በመካከል ያለችውን ብርሃን ከቅስቱ ሥር ሆኜ አሳልፋታለሁ።

አንድ ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ በአንድ እግሬ ካልሲ አድርጌ ሌላውን በእጄ እንደያዝኩ ሃያ አምስት ደቂቃ ተቀመጥኩ። ደቂቃውን የማውቀው ስልኬ ፊት ለፊቴ ስለነበረ ነው። አላዘንኩም። የማስበውም ነገር አልነበረም። እግሬ ሩቅ ነበር፣ በቃ።

ቶተንሃም ውስጥ ክፍል ያከራዩኝ እናት በሩን አንኳኩ። እትዬ እላቸዋለሁ። እዚህ አገር ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ አማርኛቸው ግን የመጡ ለት እንደነበረ ነው። ሲቆጡኝ "ጓድ" ይሉኛል።

"ጓድ! ዛሬም ስብሰባ የለም?"

"መጣሁ እትዬ።"

"መጣሁ ትላለህ፤ ድምፅህ ግን ከጉድጓድ ነው የሚመጣው።"

ያን ሰሞን ስህተት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያበላሸሁት ቦርድ አንድ ነበር፤ ቁርጥራጩን ለትንሽ ፎቶ አዋልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሆነ። ቁጥሩን ከማስመሪያው አነባለሁ፣ ወደ ቦርዱ እስክዞር ይጠፋኛል። ደግሜ አነባለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ የማስመሪያው መስመሮች ሁሉ አንድ ይሆኑብኛል። ለአሠሪዬ አልነገርኩትም፤ የተበላሹትን ከቁርጥራጭ ሣጥኑ ታች ከትቼ ላያቸው ላይ ደህናውን ቁርጥራጭ ጣልኩበት።

ከገና በፊት አንዲት አሮጊት የሞተ ውሻቸውን ሥዕል አመጡ። ትንሽ የውሃ ቀለም ሥዕል ናት፣ ከእጅ መዳፍ ብዙ አትበልጥም። ጥቁር ቦርድ መረጡ። ቆረጥኩ፣ ገጠምኩ፣ ወሰዱት። ከአራት ቀን በኋላ መልሰው አመጡት። ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉት ውሻው ወደ ግራ የሚንሸራተት መስሎ ታይቷቸው ነበር። አሠሪዬ ማስመሪያውን አውርዶ ለካ። የግራው ጠርዝ ከቀኙ በአራት ሚሊሜትር ይጠብ ነበር።

ሴትዮዋ እንደወጡ ወደ ቁርጥራጩ ሣጥን ሄደና ላይ ላዩን ገለጥ አድርጎ ከሥር ያሉትን አንድ በአንድ አወጣቸው።

"ስህተቱ አይደለም፣" አለኝ፤ "ስህተት እኔም እሠራለሁ። ይህ ግን ከበሬ ወጥቶ ሄዷል። ታመሃል?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው የሚያውቅ ሰው ጠይቅ። እስከ ጥር መጨረሻ እያንዳንዱን ሥራህን ራሴ እለካለሁ። እንደዚህ ከቀጠለ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው።"

ማስመሪያውን ምስማሩ ላይ አልመለሰውም፤ ከሽርጡ ኪስ ከተተው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆርጬ በጨረስኩ ቁጥር እጁ ወደ ኪሱ ትሄዳለች። በሕይወቴ የእኔ ነው የምለው አንድ ነገር ያ ሥራ ነበር፤ ማንም አልሰጠኝም፣ ራሴ ነኝ ያገኘሁት። አሁን ከእጄ ሲወጣ አየዋለሁ፤ የምይዝበት ጉልበት ግን አልነበረኝም።

አሠሪዬን አስፈቅጄ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያዝኩ፤ ሐኪሟ በስልክ የምታነጋግረኝ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። የእትዬን ልጅ እንድታስተረጉምልኝ ለመንኳት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚሁ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት።

"ኦኬ፣ ግን አጭር አድርገው፤ አሳይንመንት አለብኝ፣" አለችኝ።

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስልኩን ድምፁን ከፍተን አስቀመጥነው። እትዬ ምድጃው ጋ ቆመው የማይሰሙ መስለው ይሰማሉ።

"በያት፣" አልኳት፣ "ይደብረኛል። ጠዋት መነሣት ያቅተኛል። ሁሉም ነገር ይደብረኛል።"

ልጅቷ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ በፍጥነት ተናገረች። ከዚያ ሁሉ ንግግር ሁለት ጊዜ ጥርት ብሎ የተሰማኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ቦርድ።

ሥራዬን መናገሯ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጎበዝ ናት፣ ነገሩን ከሥሩ ጀመረችው አልኩ በልቤ። ሐኪሟ ቀስ ብላ፣ ለእኔው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች። እሷም ቦርድ አለች። ይህን እችለዋለሁ አልኩና ራሴ መለስኩ።

"ሁለት ዓመት ከአራት ወር።"

ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ።

"ቀኑን ሙሉ ነው?" አለች ሐኪሟ።

"ቀኑን ሙሉ። ከቅዳሜና እሑድ በስተቀር።"

"የሚብስበት ጊዜስ አለ?"

የትኛው ይብሳል ያለችኝ መሰለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሳልንተባተብ የማወራበት ርዕስ አግኝቼ ነበር።

"ጥቁሩ፣" አልኳት። "ጥቁሩ ይከብዳል። ነጩ ምንም አይልም።"

ከወዲያ በኩል የኮምፒውተር ፊደል ሲመታ ሰማሁ። ሐኪሟ አንዳንድ ነገር በመልእክት እንደምትልክልኝ፣ ከባሰብኝም ደግሜ እንድደውል ነግራን ዘጋች።

"አንተ፣" አለችኝ ልጅቷ፣ "ምን ሆነህ ነው?"

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ግጥም የምትጽፍ አይመስለኝም ነበር።"

መልእክቱ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ደረሰኝ። ስለ መሰልቸቴ ባወራነው መሠረት፣ በአቅራቢያዬ ያሉ የጊዜ ማሳለፊያ ቦታዎች ተዘርዝረውልኝ ነበር። የመዝሙር ቡድን አለ። ቼዝ ለጀማሪዎች አለ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሹራብ መሥራት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ያን ቃል ፈለግኩት። ቦርድ፣ ካርቶን። ከሥሩ ሌላ ቦርድ፦ የሰለቸው፣ ሥራ ፈትቶ ጊዜ የረዘመበት። ፊደላቸው ይለያያል፤ ድምፃቸው አንድ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ሳለ ተሰላቸ ተባልኩ፤ እኔም በኩራት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ብዬ ፈረምኩበት።

ማታ ራት ላይ መልእክቱን አሳየኋቸው። ልጅቷ አንብባ እስክትጨርስ እትዬ ትዕግሥት አጡ።

"ምን አለች ሐኪሟ? ምን አዘዘችለት?"

"ሹራብ፣ ማሚ።"

"ሹራብ ሊለብስ?"

"ሊሠራ።"

እትዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ይህን ሁሉ ዓመት ግብር የከፈልኩት ለዚህ ነው?"

"አንቺ ነሽ እኮ፣" አልኳት ልጅቷን። "ይደብረኛል ነው ያልኩሽ።"

"እና? ይደብራል ማለት ቦሪንግ አይደል እንዴ? ሌክቸር ይደብራል። ሰርግ ይደብራል። ይቅርታ አድርግልኝና አንተም ትደብራለህ።"

"ኧረ ምላስሽን ሰብስቢ!" አሉ እትዬ። እሷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ መሰለኝ፤ አፌ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቅሷል። ልጅቷ ግን አየችኝና ሳቋን አቆመች። "ሲሪየስ ነበርክ?" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የመለሱላት እትዬ ናቸው።

"ድብርት ሌላ ነው ልጄ። ድብርት የሚጫጫን ነገር ነው። አንቺን ሳልወልድሽ፣ ስቶክዌል ሳለሁ፣ አንድ ብርድ ሙሉ መጋረጃ አልከፈትኩም። ሰው ሲጠይቀኝ ብርድ መታኝ እላለሁ። የመታኝ ብርድ አልነበረም።"

ልጅቷ ይህን ከዚያ በፊት ሰምታው እንደማታውቅ ከፊቷ አየሁ።

"ታዲያ ምን አዳነዎት?" አልኳቸው።

"ምን ያድነኛል። ሚያዝያ መጣ።" ማንኪያቸውን አንስተው መብላት ቀጠሉ። ጥቂት ቆይተው፣ "አንተ ግን ሥራ አለህ። ሚያዝያን የሚጠብቅ አሠሪ የለም። ደግመህ ደውል። ፀሐይም ሙቅ፣" አሉኝ።

"የት አለች እትዬ?"

"ፈልጋት። እዚህ አገር ፀሐይ አትመጣልህም፤ ትፈለጋለች።"

ልጅቷ እንደገና አስተረጉምልሃለሁ አለች። አልፈለግኩም። የተናደድኩባት አይደለም፤ በቃላት የምናገረው ነገር በየትኛውም ቋንቋ እንደሚያመልጠኝ ስለገባኝ ነው። እኔ የማልሳሳተው በቁጥር ነው፤ ቢያንስ አልሳሳትም ነበር። ስለዚህ የሥራ ደብተሬን ከኋላ ገልብጬ አንድ ሳምንት ጻፍኩ። የነቃሁበትን ሰዓት፣ ከአልጋ የወረድኩበትን ሰዓት፣ በመካከል ያለውን ልዩነት። ምሳ የበላሁና ያልበላሁ ቀን። የተበላሸ ቦርድ ብዛት፣ የተበላሸበት ሰዓት። ሳምንቱ ሲያልቅ ገጹን እንደ ሌላ ሰው ገጽ አየሁት። የተበላሹት ሰባት ነበሩ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የተበላሸው አንድ ብቻ ነው።

ፀሐይንም ፈለግኳት። ከቅስቱ ፊት ለፊት የጎማ ቤት አለ፤ የጎኑ ግድግዳ ጡብ ነው። ደመና በሌለ ቀን ከስድስት ሰዓት ከአሥር እስከ ስድስት ከአርባ ድረስ ትክክል እሱ ላይ ታርፋለች። ከዚያ የጎረቤቱ ፎቅ ጥላ ከግራ እየገፋ ይወስዳታል። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ ፊቴን አውጥቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። ሙቀት የላትም። እንደ አገር ቤቷ ፀሐይ ትከሻ ላይ ቁጭ አትልም። የዓይኔ ቆብ ከውስጥ ቀይ ሆኖ ታየኝ፤ ያን ቀይ ከመስከረም ወዲህ አይቼው አላውቅም። የጎማ ቤቱ ሠራተኛ ፖሊስ የምሸሽ መስሎት ደህና መሆኔን ጠየቀኝ።

ሐኪሟን ደግሜ ያነጋገርኳት እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ ነው። ደብተሬን ከፍቼ ያዝኩ።

"አልሰለቸኝም፣" አልኳት። "ቦርድ የምሠራበት ካርቶን ነው። ጥቁር ካርቶን።"

"ካርቶን?" አለች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ገጹን አነበብኩላት። ሰኞ፣ ከንቃት እስከ መነሣት አርባ ደቂቃ፣ የተበላሸ አንድ። ማክሰኞ፣ ሃምሳ አምስት ደቂቃ፣ ምሳ የለም፣ የተበላሸ ሁለት። ሳታቋርጠኝ እስከ እሑድ ሰማችኝ። እሑድ ላይ ምን እንዳደረግኩ ጠየቀችኝ። ከሰዓቶቹ ሌላ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ "ምንም" አልኳት፣ እሷም ያን ምንም እንደሰማችው ገባኝ። ሌላም ጠየቀችኝ፤ ስለ መኖርና ስላለመኖር ነበር። አይ፣ እሱን አላስብም አልኳት፤ እውነቴን ነበር። ለምርመራ ደም እንድሰጥ አዘዘችኝ፣ በሁለት ሳምንት ልታየኝ ቀጠረችኝ፣ እስከዚያ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ከደጅ እንድወጣ ነገረችኝ።

"አሁን የት ነህ?" አለችኝ።

"ደጅ። እስከ ስድስት ሰዓት ከአርባ።"

ያንኑ ገጽ ለአሠሪዬ አሳየሁት። ማስተባበያ አልጨመርኩበትም። መነጽሩን አድርጎ እንደ ሥራ ትእዛዝ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ጣቱን የሰዓቱ ዓምድ ላይ አቁሞ ቆየ።

"ከሰዓት በኋላ ልትለካ አይገባህም፣" አለ።

"አዎ።"

"ማነው ከሰዓት በኋላ ለካ ያለህ?"

ማንም አላለኝም። የሥራውን ቅደም ተከተል ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ጠዋት ይበልጡን መስታወት እጠርጋለሁ፣ ከሰዓት ይበልጡን እቆርጣለሁ፤ ለምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም። ራሱን ያስተማረ ሰው የሚጠይቀው የለውም፤ የያዘውን ይዞ ይሄዳል። መጥፎ ልማድ ያወረሰኝ ባይኖርም እኔው ለራሴ አውርሼው ነበር። በማግስቱ ጠረጴዛዬን ጎትተን ወደ በሩ አስጠጋነው። በሩ ስለሚከፈት ብርድ ይገባል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ግን ብርሃኑ ይደርሰኛል። ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ መቁረጥ፤ ከዚያ በኋላ ማጣበቅ፣ መጥረግ፣ ማሸግ። ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ አሠሪዬ ሰዓቱን ያያል፤ በአገጩ ወደ ግድግዳው ያመለክተኛል።

ተሻለኝ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። የደሜ ውጤት ሲመጣ አንድ ቫይታሚን አንሶ ተገኘ፤ ክኒን ተሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት አሁንም አልጋ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ አርባው ደቂቃ ሃያ አምስት ሆነ፣ አንዳንዴ አርባ ይሆናል። ደመና ሲሆን ግድግዳው ጋ ሄጄ ባዶውን ጡብ ተደግፌ እመለሳለሁ። ልጅቷ በክፍሌ በር ስታልፍ፣ "ቦርድ ነህ ወይስ ቦርድ?" ትለኛለች። "ሁለቱም" እላታለሁ። ትንሽ ቆማ ሻይ እፈልግ እንደሆን ትጠይቀኛለች፤ ድሮ አትጠይቅም ነበር።

በጥር መጨረሻ ሳምንት የውሻውን ሥዕል እንደገና ቆረጥኩት። አሠሪዬ ለእኔ ብሎ አቆይቶት ኖሯል። ጥቁር ቦርድ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ ለካሁ፣ ቁጥሩን በወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ባቡር እስኪያልፍ ጠበቅኩ፣ ቆረጥኩ። አራቱ ነጭ መስመሮች ማዕዘኑ ላይ ተገናኙ።

አሠሪዬ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እጁ ወደ ኪሱ ሄደች፤ ማስመሪያውን አወጣ፤ ግራውን ለካ፣ ቀኙን ለካ፣ ላዩንና ታቹን ለካ። ወደ ምስማሩ ሄዶ ማስመሪያውን በቦታው ሰቀለው፤ ወደ ኪሱ አልመለሰውም።

ደስ አለኝ ማለት አልችልም። ደክሞኝ ነበር። ቀጣዩን ቦርድ ከመደርደሪያው አወረድኩና ሰዓቱን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ነበር። ፀሐይ ጎማ ቤቱ ግድግዳ ላይ እስክታርፍ አንድ ትንሽ ሥራ ይደርስልኛል ብዬ ቢላዬን አነሣሁ።